ስለ አንድ እራት የቀረበ አቤቱታ

31 ዓመት በወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስንቱ በድንበር፣ ስንቱ በእህል ብድር፣ አንዱማ በአህያው ጆሮ መቆረጥ «አቤት!» ሲል መዝገብ ከፍቼለታለሁ። ለራሴ ግን አንድም ቀን አቤት ብዬ አላውቅም ነበር። አሁን ተራዬ ደርሷል። ተከሳሾቹ ሴት ልጄ፣ ባሏና የገዛ ባለቤቴ ናቸው። የክሱ ምክንያት እራት ነው።

«እራት የጋበዘ ሰው ደግሞ ይከሰሳል ወይ?» የሚል አይጠፋም። መጀመሪያ መዝገቡ ይሰማ።

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው በቢቸና አውራጃ፣ እሑድ ጥር 18 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በሰባር ጊዮርጊስ ዕለት ነው። ጥር የሠርግ ወር የሆነው ያለ ነገር አይደለም። የገና ጾም ተፈቷል፣ ዓቢይ ጾም ገና አልገባም፣ እህሉ ጎተራ ነው፣ በሬውም ገበሬውም አርፏል። ሁለት ሰንጋ ወደቀ። ጠላው በጋን ተሰልፎ፣ ዳሱ ሞልቶ ሰው ከውጭ ቆሞ በላ። ሸማኔው ጎረቤታችን እስላም ስለ ነበር ለእርሱና ለዘመዶቹ አንድ ሙክት ለብቻ ተሰጥቶ፣ በራሳቸው ሰው እጅ ታርዶ፣ በራሳቸው ድስት ተሠራ። ይህን ሙክት አንባቢ ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከሚዜዎቼ አንዱ ቀርቷል። የእድገት በኅብረት ዘመቻ በታኅሣሥ ተጀምሮ ስለ ነበር እርሱ ደቡብ ወርዶ ፊደል ያስቆጥራል። አማቴ ነፍሳቸውን ይማርና በማጫ ሁለት ጥማድ መሬት ሰጡኝ። ሠርጉ በሆነ በ37ኛው ቀን፣ የካቲት 25፣ ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገውን አዋጅ ቁጥር 31 አወጣ። ማጫዬን ከመላው የኢትዮጵያ ሕዝብ ጋር ተካፈልሁት። እስካሁን እግዚአብሔር ይስጥልኝ ያለኝ ሰው የለም።

እንግዲህ ይኼ ጋብቻ በ2017 ዓ.ም. ጥር 18 ቀን 50 ዓመት ሞላው። ቀኑም ዞሮ ዞሮ እሑድ ዋለ። እኔ ያሰብሁት ቀላል ነበር፤ አንድ በግ፣ አንድ ጋን ጠላ፣ ቄሱና ጎረቤት። ልጄ ግን ከአቡ ዳቢ ደወለች። እዚያ ነርስ ሆና 12 ዓመቷ ነው። «አባዬ፣ እዚህ ነው የምናከብርላችሁ። ያስ ደሴት ላይ ጠረጴዛ ይዘናል» አለችኝ።

«ጠረጴዛ ምን ብሎ ይያዛል፣ ሊሮጥ ነው?» አልሁ። ስልኩን ባለቤቴ ነጠቀችኝ። ከዚያ በኋላ የኔ ሐሳብ አልተጠየቀም።

ደሴት ሲሉኝ የመጣብኝ ጣና ነው። እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ በታንኳ ተሻግረው የሚሳለሙት መስሎኝ ነጠላ አጥቤ ሄድሁ። ለካ ያስ ደሴት የጨዋታ ሀገር ነው! እዚህ ጣሪያው ቀይ የሆነ ተራራ የሚያህል አዳራሽ፣ እዚያ የፊልም ካርቱኖች ከተማ፣ ወዲያ የውሃ መንሸራተቻ፣ ወዲህ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፎርሙላ ዋን የሚሮጥበት መንገድ። በመንገዱ ላይ ደግሞ ሆቴል ሠርተውበታል፤ መኪናው ከሥር ይበራል፣ እንግዳው ከላይ ይተኛል። እኛ ሀገር መንገድ ላይ ቤት የሠራ ሰው ይፈርስበታል።

የከፋው ግን ይኼ አይደለም። ማታ አማቼ ሊያዝናናኝ ብሎ እንዲህ አለኝ፤ «አባባ፣ እርስዎ እኮ አልተሳሳቱም። ሰር ባኒ ያስ የሚባል ሌላ ደሴት አለ። በ1992 እ.ኤ.አ. የ7ኛው ወይም የ8ኛው መቶ ዘመን የክርስቲያን ገዳም ፍርስራሽ ተቆፍሮ ወጥቶበታል።» አያችሁልኝ? ገዳም ያለበትን ያስ እያወቁ መጫወቻ ወዳለበት ያስ ወሰዱኝ። አውቆ አጥፊ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ቀይ ጣሪያ ያለው ፌራሪ ወርልድ ይባላል። የልጅ ልጄ ስሙን ሲነግረኝ እኔ «ፈሪ» የሚለኝ መስሎኝ ተቆጣሁት። በ2010 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው። ውስጡ ፎርሙላ ሮሳ የሚባል ነገር አለ፤ ሰዎችን ወንበር ላይ አስሮ፣ መነጽር አድርጎላቸው፣ ከቆመበት ተነሥቶ አምስት ሰከንድ ሳይሞላ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይወረውራቸዋል። መነጽሩ አሸዋና ትንኝ ዓይን እንዳይገባ ነው አሉ። አማቼና የ9 ዓመቱ ልጁ ተሳፈሩ፤ እኔ ኮታቸውን ይዤ ቆምሁ። በዚያ ፍጥነት ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ያለውን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በሰዓት ከሩብ ይጨርሱት ነበር ብዬ አሰላሁ። እኛ በወጣትነታችን አባይ በረሃን ወርዶ ለመውጣት ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጅብን ነበር። ታዲያ እኛ ከግማሽ ቀን በኋላ ጎሐ ጽዮን እንደርሳለን። እነርሱ ጮኸው፣ ጮኸው፣ ከተሳፈሩበት ቦታ ወረዱ። ለዚህም ይከፈልበታል!

አሁን ወደ ዋናው ክስ። እራቱ በዚያው ደሴት ላይ በአንድ ትልቅ ሆቴል ነበር። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ ያልተከሰሰን ሰው ስም መዝገብ ላይ ማስፈር ልማዴ አይደለም። ልጄ መኪናው ውስጥ «አባዬ፣ ጋቢውን እዚሁ ተወው፤ የአለባበስ ደንብ አለ» አለችኝ። አልተውሁም። ከውጭ አየሩ የቢቸና የመስከረም ከሰዓት ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ያ የጣሪያ ማቀዝቀዣ የጮቄን ውርጭ ይለቃል። በሩ ላይ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ ቆሟል። ከእኛ ፊት አንድ የሀገሩ ሽማግሌ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ገቡ። እርሳቸው ነጭ፣ እኔም ነጭ። ሽማግሌው ዞር ብለው ጋቢዬን አዩና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላም አሉኝ። እኔም ወገቤን ዝቅ አድርጌ ሰላምታቸውን መለስሁ። ጎልማሳው ከየትኛው ሀገር የመጣሁ ሹም እንደሆንሁ ግራ ገብቶት መሰለኝ፣ ለአማቼ ያልሰገደውን ለእኔ ሰገደ። ልጄን «የአለባበስ ደንቡ ይኸውልሽ» አልኋት።

ድሌ እዚያው በሩ ላይ አለቀ። ውስጥ ስንገባ ቤተ ሰቡን በአንድ ጠረጴዛ፣ እኔንና ባለቤቴን በሌላ ጠረጴዛ አስቀመጡን። ለሁለት ሰው የተሠራች ትንሽ ጠረጴዛ ናት። መካከል ላይ ሻማ በርቷል፤ መብራት እያለ። እኔን እዚህ፣ እርሷን እዚያ፣ ፊት ለፊት።

ሃምሳ ዓመት አብረን ስንኖር ፊት ለፊት ተቀምጠን አናውቅም። እኔ ከእንግዳ ጋር ስበላ እርሷ ጓዳ ናት። ብቻችንን ስንሆን በመሶቡ ጎን ለጎን ነን፤ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እኔ ፊት፣ እርሷ ኋላ። ለቅሶ ቤት ወንድ ለብቻ፣ ሴት ለብቻ። እኔ በሕይወቴ ሰው ፊት ለፊት ሲቀመጥ ያየሁት ከሳሽና ተከሳሽን ነው። ስለዚህ ባለቤቴ ሻማውን በጣቷ ገለል አድርጋ ትክ ብላ ስታየኝ የሙግት ሽታ ሸተተኝ። አልተሳሳትሁም፤ ግን ቆየት ብሎ ነው።

በመጀመሪያ ውሃ ተጠየቅን። ጋዝ ያለው ወይስ የሌለው? አምቦ ውሃ መስሎኝ ያለው አልሁ። ጠርሙሱ 35 ድርሃም ነበር። ከዚያ የምግቡን ዝርዝር አምጡ ስንል ወረቀት የለም፤ ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ጥቁር ምልክት በስልክ አንሡ ተባልን። የኔ ስልክ የምትደውልና የምትጠራ ብቻ ናት። አስተናጋጁ ራሱ እየቆመ ይነግረን ጀመር። ስለ እያንዳንዱ ምግብ ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደተዘፈዘፈ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ ይተርካል። ልጄ ከማዶ ጠረጴዛ ታስተረጉማለች። የአንድን ሰንጋ ጭን የትውልድ ሐረግ ሰምተን ስናበቃ «ማን ነው ያረደው?» አልሁ።

ልጄ ፊቷ ቀላ። ሀገሩ የእስልምና ሀገር ነው፤ ሥጋው ሁሉ በእነርሱ ሥርዓት የታረደ ነው። እኔ ደግሞ በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ በልቼ አላውቅም። ይህ ጥል አይደለም። ሸማኔው ጎረቤቴም የእኔን ሰንጋ አልበላም፤ ሙክቱን በልቶ፣ ከእኛው ጋር እየሳቀ አመሸ። እነሆ ሙክቷ በ50 ዓመቷ ዞራ መጣች። ያን ጊዜ እኔ ለሌላው ለብቻ ሠራሁለት፤ አሁን ለብቻ የሚሠራለት እኔ ሆንሁ። አስተናጋጁ ምንም አልከፋው፤ «ዓሣ ይሁንልዎ፣ ሐሙር አለ» አለ። ሐሙር የባሕሩ ታዋቂ ዓሣ ነው። የፍስክ ቀን መርጠን፣ ባሕር ተሻግረን፣ በሠርጋችን በዓል ዓሣ ልበላ። እንዲህ ከሆነ ሑዳዴ ምን ጎደለው?

ዓሣው እስኪመጣ የቤቱ ስጦታ ነው ብለው አንድ ነገር በማንኪያ ላይ አስቀምጠው አመጡ። ማንኪያው ራሱ ሰሐን ነው። ምን እንደሆነ ሳላውቀው አለቀ። ወዲያ አማቼ ጥሬ ሥጋ አዝዞ ኖሯል፤ ጣሊያኖች ካርፓቾ የሚሉት። እኔ አልበላውም፤ ግን ከጥሬ ሥጋ የጎጃም ልጅ ዓይኑን አይነቅልም። ወይ ጉድ! ከመሳሳቱ የተነሣ በሥጋው ውስጥ የሰሐኑ አበባ ይታያል። ዘይትና ቅጠል ረጭተውበታል። እኛ ዘንድ ይህን ያህል ሥጋ ቢላው ላይ ቀርቶ በጨርቅ ይጠረጋል እንጂ ለሰው አይቀርብም። ቁርጥ ማለት በግራ እጅ ይዘህ፣ በጥርስህ ነክሰህ፣ ከከንፈርህ ፊት በቢላ የምትቆርጠው ነው። ይኼኛውን በሹካ ጫፍ ጠቅልሎ ዓይኑን ጨፈነ፣ አማቼ።

ዓሣዬ መጣ። ሰሐኑ የእንጀራ ምጣድ ያክላል፤ ዓሣው የሁለት ጣት ስፋት ነው፤ በላዩ ላይ አረፋ አለ። የሳሙና አረፋ የመሰለ አረፋ! «ያልታጠበ ነው ወይ?» አልሁ። የሎሚ ነው አሉኝ። ሎሚ አረፋ እንዲሆን ማን ፈረደበት? ሁለቴ ጎረስሁ፤ አለቀ። ወዲያው አስተናጋጁ ብቅ ብሎ «ሁሉ ነገር ደህና ነው?» አለ። ይኼን ጥያቄ በዚያ ምሽት ዘጠኝ ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ሰው በየአምስት ደቂቃው ደህና ነህ ወይ ሲባል መታመም ይጀምራል።

ባለቤቴ ግን! እርሷ አረፋውን በማንኪያ ጫፍ ቀምሳ «አቤት ሲጥም» አለች። የኔ ምስክር ትሆናለች ያልኋት ሴት ከተከሳሾቹ ጋር የተቆጠረችው በዚህ ምክንያት ነው። ቀምሳ ስታበቃ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ ያ የፈራሁት ሙግት ተጀመረ።

«በሠርጋችን ቀን እኔ ምን እንደበላሁ አንቱ ያውቃሉ?»

«ከድግሱ ነዋ። ሁለት ሰንጋ ወድቆ!»

«ከየቱ ድግስ? ፊቴን ሸፍነው፣ አንገቴን አስደፍተው ዋልሁ። የወጡን ሽታ ነው የማውቀው። በበቅሎ ከእናንተ ቤት ስደርስ ጨለመ። ሌሊት እናትዎ አንድ ጭብጥ ቆሎ ሰጡኝ። እርሱን በላሁ።»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህችን ነገር አልነገረችኝም። ትንሽ ዝም አልሁ። የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና መልስ አላጣሁም፤ «ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ክስ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1845 መሠረት በ10 ዓመት በይርጋ ይታገዳል። አንቺ 40 ዓመት ዘግይተሻል» አልኋት።

ሳቀች። ባለቤቴ ስትስቅ ፊቷን ወደ ጓዳ አዙራ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ከልላ ነው። እዚህ የምታዞርበት ጓዳ የለም። አንድ የጎን ጥርሷ መውደቁን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። መቼ እንደወደቀ ልጠይቃት ስል «ሁሉ ነገር ደህና ነው?» አለ ሰውዬው።

በዚህ መካከል የምታነሣ የምታስቀምጥ አንዲት ልጅ በአጠገቤ አለፍ ስትል ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ እንኳን አደረሳችሁ» አለችኝ። የወሎ ልጅ ናት። አባቷን ካየች ስድስት ዓመቷ መሆኑን ሰሐን እያነሣች ነገረችኝ። ተመልሳ ስትመጣ የታጠፈ ናፕኪን ከዓሣው ሰሐን ሥር ሸጎጥ አድርጋ ሄደች። ስከፍተው ሚጥሚጣ ነው! ለራሷ ምሳ ከቤቷ ያመጣችው ነው። ዓሣው ቢያልቅም ዳቦውን በሚጥሚጣ በላሁት። በዚያ ቤት ውስጥ ከጉሮሮዬ የወረደ ምግብ እርሱ ብቻ ነው። ቆሜ ልመርቃት አሰብሁ፤ አለቃዋ እንዳያይባት ፈርቼ ከጋቢዬ ሥር ሆኜ መረቅኋት።

ከዚያ መብራቱ ጠፋ። አስተናጋጆች እሳት የሚተፋ ነገር የተሰካበት ኬክ ይዘው፣ እያጨበጨቡ፣ በእንግሊዝኛ እየዘፈኑ መጡ። እኔ ቃጠሎ መስሎኝ ውሃውን አነሣሁ፤ 35 ድርሃም መሆኑ ትዝ ሲለኝ መልሼ አስቀመጥሁት። ባለቤቴ ግን ሠርግ ነው ተብላ የለ፤ ተነሥታ እልልታዋን ለቀቀችው። የቢቸና እልልታ፣ ከጋራ ጋራ የሚደርሰው። ሹካ ሁሉ ቆመ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ያን ጊዜ ከወዲያ ጥግ፣ ከእነዚያ ነጭ ለባሽ ሽማግሌ ጠረጴዛ፣ አንዲት ጥቁር የለበሱ ትልቅ ሴት አፋቸውን በእጃቸው ከልለው እልልታውን መለሱት! እነርሱም ለሠርግ እልል ይላሉ ለካ። ሁለቱ ሴቶች በማዶና በማዶ ሆነው ሦስት ጊዜ ተቀባበሉ። ሽማግሌውና እኔ ተያየን። እርሳቸውም መሬት ብትከፈት የሚገቡ ይመስሉ ነበር።

ሒሳቡን አማቼ ሸሽጎ ከፈለ። የልጅ ልጄ ግን የአያቱ ወገን ነው፤ «አያቴ፣ 1,460 ድርሃም» ብሎ ሹክ አለኝ። ያን ሰሞን አንዱ ድርሃም 35 ብር ገደማ ነበር። 51,000 ብር! ሦስት ያማረ ሙክት። የዓመት ጡረታዬን በአንድ ምሽት በልቼ፣ ሆቴሉን ለቅቀን ስንወጣ ራበኝ።

በማግሥቱ ልጄ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ኖሮ ወደ አል ዐይን ወሰዱን፤ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በበረሃ መካከል። እዚህ ላይ ለተከሳሾቹ ቅጣት ማቅለያ እመዘግባለሁ። ከተማው መካከል ከ147,000 በላይ ቴምር ያለበት ጫካ አለ። ውሃው ፈለጅ በሚሉት ቦይ ከተራራ ግርጌ በምድር ውስጥ ተጉዞ ይመጣና፣ ለየማሳው በተራና በሰዓት ይከፋፈላል። ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ከሌሎቹ የአል ዐይን ጥንታዊ ሥፍራዎች ጋር ነው። ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁና እጄን ነከርሁ። እኛም ዘንድ የውሃ አባት ተሹሞ፣ ውሃ በተራ ይጠጣል። በውሃ ተራ የተነሣ ስንት መዝገብ ከፍቻለሁ! የዚህን ሀገር የውሃ መዝገብ ባየው ደስ ባለኝ። ይህን አላሳዩኝም፤ ቅጣት ማቅለያው እስከዚህ ድረስ ነው።

ከዚያ «ተራራ እናሳይህ» ብለው በሚጠማዘዝ አስፋልት ጀበል ሐፊት ላይ አወጡኝ። ከፍታው 1,240 ሜትር ገደማ ነው። ልጄ «አባዬ አያዞርህም?» ትለኛለች። የቢቸና ቤቴ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው! ጓዳዬ የዚህን ተራራ እጥፍ ታህላለች። ከላይ ሆኜ ሳይ ወዲያ ኦማን ነው አሉኝ፤ አቧራ ነው የታየኝ።

ከተራራው ሥር ፍል ውሃ ያለበት ሣር መስክ አለ። የሀገሩ ሰው ምንጣፍ አንጥፎ፣ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ከእነ ልጆቹ ይበላል። ጋቢዬን አነጠፍን። ልጄ ከመኪናው ኋላ ትሪ አወጣች፤ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ድፎ ዳቦ። አምስታችን በአንድ ትሪ ከበብን። የልጅ ልጄ አጎረሰኝ፤ ግማሹን ጢሜ ላይ። አሁን ገና በዓል ሆነ ብዬ ወደ ባለቤቴ ዞር ስል፣ እንጀራውን በጣቷ ይዛ፣ ሩቅ እያየች፣ «ያች የትናንቷ አረፋ፣» አለች ለልጄ፣ «እንዴት አድርገው ነው የሚሠሯት?»

ተመለስን። ከተመለስን ጀምሮ በእኔ ቤት ሥርዓት ተቀይሯል። ባለቤቴ መሶቡን መካከል ታደርግና ዱካዋን አዙራ ከወዲያ፣ ከፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። ሻማ እንዳታመጣ አስጠንቅቄያታለሁ። ትናንት ሽሮውን አወጣችና፣ ገና አንዴ ጎርሼ ሳልውጥ፣ «ሁሉ ነገር ደህና ነው?» አለችኝ።

«ጨው ያንሰዋል» አልኋት።

«በይርጋ ታግዷል» አለችና ጎረሰች።